የሲስተር ዳኮታ የስም ነገር

ይሰማል? ከድንኳኑ ጀርባ ያላችሁ፣ ይሰማል? እሽ። እንግዲያው ጠላችሁን አስቀምጡና አድምጡኝ። ይዛችሁም ብታደምጡ አልቀየምም።

ዶክተር ቴዎፍሎስ ቅድም ማይክራፎኑን ሲያቀብለኝ «ጋሼ ያረጋል፣ ትንሽ አጠር ቢል ደስ ይለናል» ብሎ ሹክ ብሎኛል። ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ላብራቶሪ በር ላይ ሰው «ውጤቴ ደረሰ?» ሲለኝ «ጠብቁ» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬም ትጠብቃላችሁ።

ሲስተር ዳኮታ ወደዚህ ወደ ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ የመጡ ዕለት እኛ ሜዳ ላይ ከብት እያባረርን ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ስልክ የሚባለው ኃላፊያችን ክንፈሚካኤል ቢሮ ውስጥ ብቻ ነበር። ክንፈሚካኤል ሲናገርበት መንገድ ላይ ያለ ጋሪ ነጂ ሁሉ ይሰማዋል፤ የማይሰማው ከወዲያ ጫፍ ያለው ሰው ብቻ ነው። አንድ ቀን ከደብረ ማርቆስ ተደወለ። «አቤት! አቤት!» ሲል ቆየና ላቡን እየጠረገ ወጣ።

«ምን አሉ?» አልነው።

«ዳኮታ ነገ ረፋድ ላይ ትደርሳለች፣ ማረፊያ አዘጋጁላት አሉኝ» አለ።

እናንተ ልጆቹ አታውቋትም እንጅ ያኔ ዳኮታን የማያውቅ አልነበረም። ሁለት ሞተር ያላት፣ ጭራዋን መሬት ላይ ጥላ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ የምትቆም፣ ደልዳላ ሜዳ ካገኘች አስፋልት የማትጠይቅ አውሮፕላን ነበረች። መድኃኒት ካለቀብን ሰንብተን ነበርና «ተመስገን፣ በሰማይ ላኩልን» ብለን አደርን። በማግስቱ ከታች ያለውን ሜዳ ድንጋይ ለቀምን፣ በሬ አባረርን። ክንፈሚካኤል ነፋሱን እንድታይበት ብሎ እርጥብ ቅጠል አጨሰ። የሰፈሩ ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ወጣ። አንገታችን እስኪደነዝዝ ወደ ሰማይ ስናይ ከኋላችን ጋሪ መጥቶ ቆመ። ከጋሪው ላይ አቧራ የጠጣች ቀጭን ልጅ የቆርቆሮ ሳጥን ይዛ ወረደችና «ጤና ጣቢያው ወዴት ነው?» አለች። ክንፈሚካኤል ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል «አንች ልጅ፣ ከሜዳው ዞር በይ፤ ዳኮታ እየመጣች ነው!» አላት።

«ዳኮታስ እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሳቀችውን ሳቅ እስከ ዛሬ ታውቁታላችሁ። ክንፈሚካኤል ሜዳውን እንጅ አልጋውን አላዘጋጀም ነበርና ዕቃ ቤት ውስጥ ከጥጥና ከፋሻ መሐል አነጠፍንላት። «አውሮፕላን ማቆም አቅቷችሁ እኔን መጋዘን አስገባችሁኝ» እያለች ከረመች።

ይኸው አንቱታው አመለጠኝ። ሲስተር፣ እኔና አንች በአደባባይ እርስዎ፣ በጓዳ አንች ስንባባል አርጅተናል። ዛሬ በአደባባይም አንች ልበልሽ። ፈቀድሽ? ራሷን ነቀነቀች፣ አያችሁ። እናንተ ግን እንዳትሞክሩት።

እንግዲህ ጉዷን ላውጣ። እስክሪብቶ የጠፋበት ሰው እዚህ መሐል አለ? እጃችሁን አውርዱ፣ ሁላችሁም ናችሁ። ሲስተር ዳኮታ የሰው እስክሪብቶ ትወስድና ጸጉሯ ውስጥ ትሰካዋለች፤ ከዚያ እሷም «እስክሪብቶዬን ማን ወሰደው?» እያለች ከእኛ ጋር ትፈልጋለች። ከዞን ለቁጥጥር የመጡ ሰውዬ እንኳ አስተያየታቸውን የሚጽፉበት አጥተው «ይቅርታ ሲስተር» ብለው ከሻሿ ሥር መዘው ነው የጻፉት። ጥሩ አስተያየትም ጻፉልን።

ድምጿንስ ማን ያጣዋል? በቅርቡ አንድ ቀን ከማዋለጃው መስኮት ማዶ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሹፌሩ ብቻውን ይታገላል። ውስጥ ሲስተር አንዲቷን እናት «ግፊ! አይዞሽ ግፊ! ትንሽ ነው የቀረሽ!» ትላለች። በመንገድ ያልፉ የነበሩ ገበያተኞች ዕቃቸውን ጥለው ባጃጁን ይገፉት ጀመር። እሷ «ግፊ!» ባለች ቁጥር እነሱ «እህ!» ይላሉ። ባጃጁና ልጁ እኩል ወጡ። የባጃጁ ሹፌር ገንፎ ልቅመስ ብሎ ገብቶ በልቷል፤ እውነቱን ነው፣ እሱም አምጧል።

ባሎችንም አትምርም። ሚስቱን አስገብቶ ውጭ ጥላ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ሊቀመጥ የሚል ካለ ዋጋውን ያገኛል። «ውሃ ቅዳ! ወገቧን ደግፍ! አንተ ስታርስ በሬው ብቻውን ነው እንዴ የሚሄድ?» ትለዋለች። ከማንኩሳ የመጣ ገነነ የሚባል ገበሬ ነበር። ሴት በሴት ላይ ተወልዳለት እንደገና ሴት ሆነች። «ስሟን ይብቃኝ ብያታለሁ» አለ። ሲስተር ሕፃኗን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ማን ነው የበቃህ? ልጅቱ ናት ወይስ እግዜር?»

«ኧረ ሲስተር፣ ስም ነው እንጅ ምን አለበት?»

«እንግዲያው አንተ ይብቃኝ ተባልና እሷ የአንተን ገነነን ትውሰድ።»

ገነነ አሰበ፣ አሰበና «ምን ልበላት?» አለ። መስከረም ነበር፤ ከመስኮቱ ውጭ ሜዳው ቢጫ ሆኗል። ሲስተር በጣቷ አሳየችው። አደይ፣ እስቲ ተነሽ። ካርድ ክፍላችን ያለችው አደይ ገነነ ያች ልጅ ናት። «ይብቃኝ፣ የበሽተኛ ካርድ አውጭ» እያልን ስንጠራት አስቡት!

እንዲህ ነበረች። እናቶች «ሲስተር፣ ስም ያውጡልን» ይሏታል። ሳቅ ያለበት ስም ታወጣለች እንጅ ምሬት ያለበት ስም ከእሷ እጅ አይወጣም። ከዚህ እስከ ቡሬ በመንገድ ላይ «ሲስተር!» ብሎ እግሯ ላይ የሚወድቅ ጎረምሳ ሁሉ ስሙን ከእሷ የተቀበለ ነው።

የራሷን ስም ግን ለማንም አልሰጠችም። ዛሬ የቆምኩት ለዚህ ነው። የጡረታ ሽኝት ንግግር ብላችሁ ጋበዛችሁኝ፣ እኔ ግን ሽምግልና ይዤ ነው የመጣሁ።

ልጇ ሜላት፣ ያቻትና ከፊት የተቀመጠችው፣ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትናዋ በመጪው እሑድ ነው። ባለፈው ሳምንት ሕፃኗን አዝላ ላብራቶሪ መጣችና «ጋሼ፣ ልጄን ዳኮታ ልላት እፈልጋለሁ። እማዬ እንቢ ብላኛለች። እርስዎ ካልለመኑልኝ ማን ይለምንልኛል?» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ «ቆይ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኩና ወደ ማዋለጃው ሄድኩ።

«እኔ ሞቼ!» አለችኝ።

«ምነው?»

«ያረጋል፣ ትምህርት ቤት አስተማሪው ስሜን ሲጠራ ክፍሉ በሙሉ ጣራ ጣራውን ያያል። ልጆቹ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ‹ዡ…› እያሉ እስከ ቤቴ ይሸኙኛል። ሊያገባኝ የመጣውን ሰው እናቱ ‹ልጄን የብረት ስም ያላት አታገባም› ብላ አስቀርታዋለች።»

«ደግ አደረገች፤ ባልሽ ይታገሱ ተገኘልሽ» አልኳት። ይታገሱ፣ አትሳቅ፣ እውነት ነው። እሷም ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቋን አቆመችና ጓንቷን እያወለቀች ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለች።

«ይኸ ሁሉ ምንም አይደለም። ዛሬ ከሰማይ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም እናቶች ልጅ ታቅፈው ወዴት እንደሚሮጡ አታይም? ባለፈው አንዲት ወላድ ድምፁን ሰምታ በምጥ ላይ ሳለች ከአልጋ ወርዳብኛለች። አልጋው ሥር ገብታ ነው ያዋለድኳት። የልጅ ልጄ ስሟ በተጠራ ቁጥር ሰው ሰማይ ሰማይ እንዲያይ አልፈልግም።»

እውነቷን ነው። እዚህ ያለን ሁላችን ያን የድሮን ድምፅ እናውቀዋለን። ተመልሼ ላብራቶሪዬ ገባሁ። ግን ነገሩ አልተወኝም። ምክንያቱም የስሟን ታሪክ ከሥሩ አውቀዋለሁ። የነገሩኝም አባቷ ናቸው።

መሪጌታ ሀብተሚካኤል፣ ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልንና፣ ሽንዲ ላይ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ ሊቅ ናቸው። ዓይናቸውን ሊታከሙ ልጃቸው ዘንድ በከረሙ ጊዜ ከላብራቶሪው ደጅ ከእኔ ጋር ፀሐይ እየሞቁ አጫወቱኝ።

ባለቤታቸው እታለም በመጀመሪያ ልጃቸው ምጥ ጸናባቸው። የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ቡሬ ይዟቸው ወጣ። ሰኔ መግቢያ ነው፤ መንገዱ በጭቃ ላቁጧል፣ ተሸካሚው እየተንሸራተተ ይወድቃል። እታለም መጮኹን ትተው ዝም አሉ። መሪጌታ «የፈራሁት ጩኸቷን ሳይሆን ዝምታዋን ነው» ብለውኛል። አንድ ሜዳ ዳር ሲደርሱ ዳኮታ ቆማለች። ደመና ከልሏት አርፋ ሰማዩ እስኪገለጥ ትጠብቃለች። ሆዷ ሙሉ ቡና ነው።

መሪጌታ አልለመኑም። ምን ብለው ይለምናሉ? ቃሬዛውን ከክንፏ ሥር አስቀምጠው ቆሙ። አብራሪው መጣ፣ እታለምን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባና ጆንያ ማውረድ ጀመረ። ተሸካሚዎቹም ገብተው አገዙት። «ሐበሻ ነው ፈረንጅ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ፊቱን ያየሁት አልመሰለኝም፤ ዓይኔ እጁ ላይ ነበር» አሉኝ። እታለምንና እህታቸውን አሳፈረ። መሪጌታ ሊከተሉ ሲሉ አብራሪው እጁን ደረታቸው ላይ አድርጎ መለሳቸው። ሰው ከጨመረ ጭነቱ ይከብድበታል። ዳኮታ ጭቃውን እየረጨች ተነሳችና ወደ ማርቆስ አቅጣጫ ደመናው ውስጥ ገባች።

መሪጌታ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ስንት ደቀ መዝሙር ያላቸው ሊቅ ሜዳ ላይ ተቀምጠው የማያውቁትን ሰው ቡና ይጠብቁ ጀመር። «ስሙን አልጠየቅሁትም፤ ዕቃውን እንኳ ልጠብቅለት ብዬ ነው» አሉኝ። ዝናብ ሲመጣ ካባቸውን ጆንያው ላይ አለበሱት። የቡናው ባለቤቶች በመኪና መጥተው እስኪያነሱት ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ ለአብራሪው ማር አስይዘው በእግራቸው ማርቆስ ሆስፒታል ገቡ። እታለም ደኅና ናቸው፤ እጃቸው ላይ ይህች ባለ ትልቅ ድምፅ ታለቅሳለች። «ያመጣችሁ ሰው ማን ይባላል?» ቢሉ የሚያውቅ ጠፋ። ሰው ሁሉ «ዳኮታ ናት ያመጣቻቸው» ብቻ ይላቸዋል። መሪጌታ ጨነቃቸው። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር ሰው በጸሎት የሚታሰበው በስሙ ነው። ስሙን ያላወቁትን ሰው ማን ብለው ያስቡት?

ስለዚህ ልጃቸውን ዳኮታ አሏት። ካህናቱ ጉድ አሉ። «መሪጌታ፣ ምን ነካዎት? የቅዱሳን ስም አለቀ?» አሏቸው። መሪጌታም «የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው፤ ለላይኛው ቤት እሱ አላት። ለታችኛው ግን የባለውለታዬን ስም ሰጥቻታለሁ። እሷን በጠራሁ ቁጥር እሱን አስበዋለሁ» ብለው መለሱላቸው።

በዚህም አላበቁም። ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ እየነገሩ ሳለ በሰማይ ዳኮታ ካለፈች ነገሩን ያቋርጡና ይቆማሉ። ድምጿ እስኪጠፋ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይሉና ይቀመጣሉ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ መምህራቸው የታመሙ መስሏቸው ደንግጠው ነበር። ኋላ ግን አብረው መቆም ጀመሩ። ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ደብር ሲሄዱም ልማዱን ይዘውት ሄዱ። በወምበርማ ገጠር ምክንያቱን ሳያውቁ ለአውሮፕላን የሚቆሙ ሽማግሌ ካህናት ነበሩ።

አየሽ ዳኮታ፣ እዚህ አገር ሰው የሰማዩን ድምፅ ሰምቶ ለምስጋና የሚቆምበት ጊዜ ነበር። ይህን የሚያስታውስ ስም ደግሞ ከአንች በቀር የለንም። አንች ይዘሽው ከሄድሽ ለልጆቹ የሚቀርላቸው ፍርሃቱ ብቻ ነው።

ደግሞ ሌላም አለኝ። ትናንት በሻይ ሰዓት ይኸን ለዶክተር ቴዎፍሎስ ሳጫውተው ስልኩን አወጣና ጎረጎረ። «ጋሼ፣ ስሙ እኮ ከአውሮፕላኑ በፊት የሰው ስም ነው!» አለኝ። ለካ ለአውሮፕላኗ ያወጡላት እንግሊዞች ናቸው እንጅ ስሙስ በአሜሪካ ምድር ፈረንጅ ሳይደርስበት ይኖሩ የነበሩ ነገዶች ስም ነው፤ ዛሬም አሉ። «በቋንቋቸው ምን ማለት ነው?» አልኩት። አነበበልኝ። ወዳጅ ማለት ነው። አጋር፣ የሚደርስልህ ሰው።

መሪጌታ ይህን ሳያውቁ ነው ያረፉት። ወዳጃቸውን ስሙን አጥተውት ለልጃቸው ያወጡላት ስም ለካስ «ወዳጅ» ኖሯል። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉት ወደው አይደለም።

ለእኔ ግን መዝገበ ቃላትም ስልክም አያስፈልገኝም። ሰብሊ፣ ባለቤቴ፣ እዚያ ነሽ? ልንገራቸው? ሰብሊ የመጨረሻ ልጃችንን ስትወልድ ደሟ አልቆም አለ። አምቡላንስ የሚባል በአካባቢው አልነበረም። ዳኮታ መንገድ ላይ ወጥታ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ፊት ቆመች። ሹፌሩ «ሞልቷል፣ ቦታ የለም» አላት። «ጆንያህን አውርድ!» አለችው። ድምጿን ታውቁታላችሁ፤ አወረደ። የቀረው ጆንያ ላይ ሰብሊን አስተኝታ፣ ሁለት እጇን ከማሕፀኗ ላይ ሳታነሳ፣ ያ መኪና በየጉድጓዱ ሲያነጥራት እየተነሳች እየወደቀች ሆስፒታል አደረሰቻት። እኔ ከኋላ ቆሜ የማደርገው ጠፍቶኝ ሳለቅስ «ያረጋል፣ ማልቀሱን ተውና የጋቢናውን ጣራ ይዘህ እግሬን ደግፍልኝ» አለችኝ። ሐኪሞቹ እጇን ከሰብሊ ሆድ ላይ ሲያነሱት ጣቶቿ አንዘረጋም ብለው ነበር።

ባለቤቴ ዛሬ እዚህ ተቀምጣ ጠላ የምትጠጣው በዚያ እጅ ነው። እኔ ያን ጊዜ በሥርዓት አላመሰገንኩሽም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ቤቴን ቤት ያደረግሽው አንች ነሽ። እዚህ ካለነው ስንቱ ቤት እንደዚሁ ነው። ስምሽን የሚጠራ ሰው ሰማይ አያይም፤ አንችን ነው የሚያይ። ወላድ ሁሉ «ዳኮታ አለች?» ብላ ትገባለች፤ «አለች» ሲሏት ፊቷ ይበራል። እኔ በየቀኑ ከመስኮቴ የማየው ይኸን ነው። የስሙን ፍርሃት ከላዩ ያጠብሽው ራስሽ ነሽ፤ አሁን ንጹሑን ለልጅቱ ስጫት።

እንግዲህ ሥርዓታችንን ታውቂዋለሽ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምን፤ ባለጉዳዩ እሽ ካለ «ተቀመጡ» ይላል፣ እንቢ ካለም ቆሞ የመጣው ቆሞ ይሄዳል። እኔ ቆሜያለሁ። ወገቤንም ታውቂዋለሽ፤ መርፌ የምትወጊኝ አንች ነሽ።

ይሁን፣ እንጠብቃለን። ሰው ማስጠበቅ ለምጃለሁ፣ መጠበቅም ልልመድ።

ሕፃኗን ከሜላት ለምን ተቀበልሻት? እያለቀስሽ ነው? ይታገሱ፣ መሐረብ ስጣት እንጅ። ምን አልሽ? አልሰማሁሽም። ማይክራፎኑን አድርሱላት፣ ቶሎ በሉ።

«ተቀመጥ።»

ሰማችሁ? ተቀመጥ አለች! እልል በሉ እንጅ፣ ምን ታዩኛላችሁ!

ኧረ ቆዩ፣ ቆዩ፣ ጽዋ ሳላነሳ አልቀመጥም። አደይ፣ የሁሉንም ብርጭቆ ሙይ።

ዳኮታ፣ በእጅሽ የወጣው ነፍስ ሁሉ ይመርቅሽ። ወገብሽ ይበርታ፣ ጉልበትሽ ይጽና። በርሽን የሚያንኳኳ ሁሉ ከእንግዲህ ለሰላምታ ይሁን። ሰማያችን ይጥራልን፣ ልጆቻችን ቀና ብለው ደመና የሚያዩበት፣ ዝናብ የሚጠብቁበት ያድርግልን። ከይታገሱ ጋር በደጃችሁ ፀሐይ እየሞቃችሁ የልጅ ልጆቻችሁን ሠርግ እዩ።

ለዚያ ጆንያውን አውርዶ ስሙን ሳይነግረን ለሄደው ሰውም አንድ ጉንጭ እንጠጣለት። በሕይወት ካለ ዕድሜ ይስጥልን፣ ካለፈም ነፍሱን ይማር። የት እንዳለ አላውቅም። ግን እሑድ ጠዋት በፍኖተ ሰላም አንዲት ሕፃን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ እናቷ በስሙ ትጠራታለች።

አሜን በሉ። ለሁለቱም ዳኮታዎች፣ ለጤናችን!